የራስ ገንዘብና የደንበኛ ገንዘብ፤ የተገበያዩ እንጀራ ከየት ይመጣል?

ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ በተገኙበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ መጀመሩ ሲበሰር፣ በየጋዜጣው የፊት ገጽ የወጣው ወሬ ስለ አክሲዮን ነበር። የትኛው ባንክ ቀድሞ ይመዘገባል? ዋጋው በምን ይወሰናል? አክሲዮን የገዛ ሰው በፈለገው ቀን ሸጦ ገንዘቡን ማግኘት ይችላል ወይ? የሚሉት ጥያቄዎች ተነሱ። ብዙም ያልተወራለት ሌላ ጉዳይ አለ። ገበያ ካለ ተገበያይ አለ፤ ተገበያይ ካለ ደግሞ የተገበያይ ደመወዝ አለ። በጀሞ፣ በለቡ ወይም በላፍቶ ቤት ተከራይቶ የሚኖር፣ በኢኮኖሚክስ ወይም በአካውንቲንግ ተመርቆ ባንክ ቤት የተቀጠረ ወጣት፣ “ከዚህ ወጥቼ እዚያ ብገባ ምን አገኛለሁ?” ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አንዳንዱም ከወዲሁ እየጠየቀ ነው።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎች ሲጠይቁት የሚያነጻጽሩት ደመወዝን ከደመወዝ ጋር ብቻ ነው። ቀድሞ መጠየቅ የነበረበት፣ ግብይቱ የሚካሄደው በማን ገንዘብ ነው? ኪሳራ ሲመጣስ የሚወድቀው በማን ላይ ነው? የሚለው ነው። ደመወዙም፣ ቦነሱም፣ የሥራ ዋስትናውም የሚወሰኑት ለዚህ ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ነው።

ሁለቱ ቤቶች

በዓለም ገበያ ተገበያይ የሚቀጠርባቸው ቤቶች በጥቅሉ ሁለት ናቸው። አንደኛው ኢንቨስትመንት ባንክ ነው። እዚያ የሚሠራ ተገበያይ ከሁሉ በፊት የደንበኛ አገልጋይ ነው። የጡረታ ፈንድ ወይም የኢንሹራንስ ኩባንያ መሸጥ ሲፈልግ ይገዛለታል፣ መግዛት ሲፈልግ ይሸጥለታል፣ በመካከል ባለችው የዋጋ ልዩነት ባንኩ ያተርፋል። ሁለተኛው በባለቤቶቹ ገንዘብ ብቻ የሚገበያይ፣ ፕሮፕ ፈርም በመባል የሚታወቀው ድርጅት ነው። ደንበኛ የሚባል የለውም። ያተረፈው የራሱ ነው፤ የከሰረውም የራሱ ነው።

ልዩነቱ ክፍያ ላይ በግልጽ ይታያል። በዎል ስትሪት ትልልቅ ባንኮች ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የጀማሪ ተንታኝ መነሻ ደመወዝ በዓመት ከ100 እስከ 110 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ቦነስ ነው፤ ቦነሱ ደግሞ በአለቆች ውሳኔ የሚሰጥ ነው። ተገበያዩ ጥሩ ዓመት ቢያሳልፍም የባንኩ ሌላ ክፍል ከከሰረ ድርሻው ይቀንሳል። ማዕረጉ ከፍ እያለ በሄደ ቁጥርም የቦነሱ ከፊል በባንኩ አክሲዮን ተለውጦ ለዓመታት ተከፋፍሎ ይሰጣል። ቀድሞ የለቀቀ ሰው ያልደረሰው ድርሻ በአብዛኛው ይቀርበታል።

በሌላው ቤት ሒሳቡ የተለየ ነው። የኒውዮርክ ከተማ አሠሪዎች በሥራ ማስታወቂያ ላይ ደመወዝ እንዲገልጹ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ በሕግ ስትደነግግ፣ ለዓመታት ተሸፍኖ የቆየው ነገር አደባባይ ወጣ። ጄን ስትሪት የተባለው ድርጅት ለተገበያይ የሚያቀርበው መነሻ ደመወዝ፣ ያለ ቦነስ፣ እስከ 300 ሺህ ዶላር የሚደርስ ሆኖ ተገኘ። ይኸው ድርጅት በ2024 (እ.ኤ.አ.) ከግብይት ያስገባው የተጣራ ገቢ 20.5 ቢሊዮን ዶላር ነበር። የሠራተኞቹ ቁጥር 3 ሺህ ገደማ ነው። በዚያው ዓመት የሲቲግሩፕ የገበያ ክፍል ያስገባው 20 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ሲቲግሩፕ በጠቅላላው ከ200 ሺህ በላይ ሠራተኛ የሚያስተዳድር ባንክ ነው።

ነገሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ባሪንግስ የተባለው ጥንታዊ የእንግሊዝ ባንክ በ1995 (እ.ኤ.አ.) በአንድ ተገበያይ ምክንያት 827 ሚሊዮን ፓውንድ ከስሮ ፈርሷል። የፈረንሳዩ ሶሲዬቴ ዤኔራል በ2008 (እ.ኤ.አ.) እንዲሁ በአንድ ሠራተኛው የተነሳ 4.9 ቢሊዮን ዩሮ አጥቷል። በዚያው ዓመት የመጣው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ቀውስ ሲታከልበት፣ የአሜሪካ መንግሥት የሕዝብ ተቀማጭ የያዙ ባንኮች ለራሳቸው ትርፍ መቆመራቸው ይብቃ አለ። በ2010 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ሕግ ውስጥ የቮልከር ደንብ የሚባለው ክፍል ይህንኑ ከለከለ። አውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የባንክ ባለሙያ ቦነስ ከመደበኛ ደመወዙ እጥፍ እንዳይበልጥ፣ ያም ባለአክሲዮኖች ከፈቀዱ ብቻ እንዲሆን ገደብ አበጀ። እንግሊዝ ይህን ገደብ በ2023 (እ.ኤ.አ.) አንስታዋለች። ያም ሆነ ይህ፣ በራስ ገንዘብ መገበያየት የሚችል ባለሙያ ባንኩን እየተወ ወደ ፕሮፕ ፈርም የሄደው በእነዚህ ዓመታት ነው።

የሳሪስ መጋዘንና የሜክሲኮ አዳራሽ

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያደርግልናል? የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። አማርኛችን ግን ልዩነቱን ከጥንት ያውቀዋል። በራሱ ገንዘብ ገዝቶ የሚሸጠው ነጋዴ ነው። በሰው ገንዘብና በሰው ዕቃ መካከል ገብቶ የሚያገናኘው ደላላ ነው። አንዱ ትርፍ ይበላል፣ ሌላው ኮሚሽን። መርካቶ ውስጥ ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው የለም።

በዘመናዊ መልክ የተደራጀውን ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ሳሪስ ያለውን የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የቡና መጋዘን መመልከት ይበቃል። ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. በወይዘሮ እሌኒ ገብረመድኅን (ዶ/ር) መሪነት ሥራ የጀመረው ምርት ገበያ፣ ቡና በ2001 ዓ.ም. ሲገባበት ሁለት ዓይነት አባላት ነበሩት። ተገበያይ አባል የሚባለው ለራሱ ብቻ የሚገዛና የሚሸጥ ነው። አገናኝ አባል የሚባለው ደግሞ ለራሱም ሆነ ለደንበኞቹ መገበያየት የሚችል ነው። ከላይ ያየናቸው ሁለት ቤቶች ማለት ናቸው፤ ያውም አሜሪካ የቮልከርን ደንብ ከማውጣቷ በፊት።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኘው የግብይት አዳራሽ ገዥና ሻጭ ፊት ለፊት ቆመው፣ ዋጋ እየተጯጯሁ፣ መዳፍ ለመዳፍ ተማትተው ይስማሙ ነበር። ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ጩኸቱ በኮምፒውተር ተተክቷል። በሁለቱም ጊዜ ግን በአዳራሹ የሚታየው ሰውና የአባልነት መቀመጫው ባለቤት ሁልጊዜ አንድ አልነበሩም። ሥልጠና ወስዶ፣ እውቅና አግኝቶ በሌላ ሰው መቀመጫ በተወካይነት የሚሠራው ተገበያይ ደመወዝተኛ ነው። በፈረሱላ አሥር ብር አሳንሶ ቢገዛ ልዩነቱ የሚገባው ወደ መቀመጫው ባለቤት ኪስ ነው። መቀመጫ ሊወረስና ሊሸጥ የሚችል ንብረት ነው፤ የተወካይነት ባጅ ግን ሥራ ሲለቀቅ ይመለሳል። እዚህ ላይ የኒውዮርክና የሳሪስ ታሪክ ይለያያል። ኒውዮርክ ያለው ድርጅት ጎበዙን ተገበያይ ላለማጣት ከትርፉ ያካፍለዋል። እኛ ዘንድ ግን ለረጅም ጊዜ ያ ግፊት አልነበረም። ምክንያቱ የባለቤቶች ስስት ብቻ አይመስለኝም።

ዋናው ምክንያት ትርፉ ከግብይት ችሎታ አለመምጣቱ ነው። ላኪዎች ቡናን ከዓለም ዋጋ በላይ ገዝተው በኪሳራ ወደ ውጭ እንደሚሸጡ ለዓመታት የታወቀ ጉዳይ ነበር። መንግሥትም በተደጋጋሚ አማሮበታል። ከቡናው 3 በመቶ የከሰረ ላኪ፣ ባገኘው ዶላር ብረት ወይም መለዋወጫ አስገብቶ 20 በመቶ ካተረፈ፣ የቡናው ኪሳራ ለእርሱ የዶላር መግዣ ወጪ ማለት ነው። (ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የቀረቡ ናቸው።) እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ዋጋ ጠብቆ፣ ናሙና ቀምሶ፣ በጥንቃቄ የሚገዛ ተገበያይ ያን ያህል አይፈለግም። የሚፈለገው በማንኛውም ዋጋ ቡናውን የሚያስገባ ነው። ለዚያ ደግሞ ከፍ ያለ ክፍያ አያስፈልግም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ ይህ ስሌት ተናጋ። ከለውጡ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል የነበረው ሰፊ ክፍተትም ጠበበ። ክፍተቱ በጠበበ መጠን ቡና ላኪው እንጀራውን ከቡናው ራሱ ለማውጣት ይገደዳል። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይት አዋጅ ቁጥር 1051 አቅራቢና ላኪ በቀጥታ እንዲገናኙ በር ከከፈተ ወዲህ ደግሞ ከቡናው ብዙው ከምርት ገበያው መድረክ ውጭ መሸጥ ጀምሯል። ውጤቱ የተቀላቀለ ነው። በአዳራሽ የሚሠራው ተወካይ ሥራው ሲቀንስበት፣ የኒውዮርክን የቡና ዋጋ የሚከታተል፣ የወደፊት ውል የሚገባው፣ ከውጭ ገዥ ጋር በዋጋ የሚደራደር ባለሙያ ግን ተፈላጊነቱ ይጨምራል። በሳሪስ መስመር ካሉት የቡና ማበጠሪያ ግቢዎች ባለቤቶች ፊት የመጣው ጥያቄ፣ እንዲህ ያለውን ሰው በወር ደመወዝ ብቻ ማቆየት ይቻላል ወይ? የሚለው ነው።

አዲሱ ኢንቨስትመንት ባንክ ምን ይከፍላል?

ወደ ካፒታል ገበያው እንመለስ። በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመው የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ለሲቢኢ ካፒታልና ለወጋገን ካፒታል የመጀመሪያዎቹን የኢንቨስትመንት ባንክ ፈቃዶች ሰጥቷል። ሕጉ ከኢንቨስትመንት ባንክ ሌላ በደንበኛ ስም የሚሠራ ደላላን፣ በራሱ ገንዘብ የሚገበያይ ዲለርንና ገበያ አነቃቂን ለየብቻ ያውቃል። በወረቀት ላይ ሁለቱም ቤቶች ተሠርተዋል ማለት ነው።

ቤቶቹ ውስጥ ያለው ገንዘብ ግን ገና ትንሽ ነው። ለአብነት ያህል አንድ ስሌት እንሥራ። አንድ ተገበያይ በወር 100 ሺህ ብር፣ በዓመት 1.2 ሚሊዮን ብር እንዲያገኝ ቢፈለግ፣ ቤቱም ከግብይት ገቢው 15 በመቶውን ለእርሱ መክፈል ቢችል፣ ተገበያዩ በዓመት 8 ሚሊዮን ብር ማስገባት አለበት። በእያንዳንዱ ግዥና ሽያጭ መካከል 1 በመቶ ልዩነት ቢያገኝ እንኳ 800 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ አክሲዮን ገዝቶ መሸጥ ይጠበቅበታል። ይህ ለአንድ ሰው ነው። በአገሪቱ ታሪክ በስፋት የተዋወቀው የአክሲዮን ሽያጭ፣ የኢትዮ ቴሌኮሙ፣ 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች በ300 ብር ለሕዝብ ቀርበውበት የተሸጡት 10.7 ሚሊዮን ያህሉ ብቻ ናቸው፤ የተሰበሰበውም 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ ነው። አክሲዮኑን የገዙት ከ47 ሺህ የሚበልጡ ሰዎችም ቢሆኑ አብዛኞቹ ለልጆቻቸው ብለው ሳጥን ውስጥ የሚያስቀምጡት እንጂ በየሳምንቱ የሚሸጡት አይመስልም።

ስለዚህ በእነዚህ ባንኮች የሚቀጠር ሰው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንጀራውን የሚበላው ከግብይት ሳይሆን ከማማከር ነው። ኩባንያዎችን ለምዝገባ ማዘጋጀት፣ ደንበኛ ገላጭ መግለጫ መጻፍ፣ አክሲዮን ለሕዝብ ሲሸጥ ሥራውን መምራት፣ እነዚህ ክፍያ ያስገኛሉ። ጥሩ ሥራ ነው፤ የተገበያይ ሥራ ግን አይደለም። በማስታወቂያው ላይ “ትሬደር” የሚል ማዕረግ አይቶ የሚወዳደር ወጣት ይህን አውቆ ቢገባ መልካም ነው።

በአገራችን እውነተኛ የተገበያይ ሥራ ያለው ብዙም በማይወራበት ቦታ፣ በንግድ ባንኮች የግምጃ ቤት ክፍል ውስጥ ነው። ባንኮች እርስ በርስ ገንዘብ የሚበዳደሩበት ገበያ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያው መድረክ ላይ በኤሌክትሮኒክ ተጀምሯል። የውጭ ምንዛሪ ዋጋም ከሐምሌ 2016 ወዲህ በባንኩ ዴስክ የሚወሰን እንጂ ጠዋት ከብሔራዊ ባንክ የሚላክ ወረቀት አይደለም። ዶላር ዛሬ ልግዛ ወይስ ነገ? በስንት ወለድ ላበድር? ብሎ የሚወስነው ሠራተኛ ሥራው ለንደን ካለው ባልደረባው ሥራ ጋር በዓይነቱ አንድ ነው።

የተለያየው ክፍያው ነው። በእኛ ባንኮች ቦነስ የሚቆጠረው በወር ደመወዝ ነው። ዘንድሮ የሁለት ወር፣ የሦስት ወር ተብሎ ከገንዘብ ከፋዩ እስከ ዲለሩ እንደየደመወዙ ይታደላል። ይህ አሠራር የራሱ ደግ ጎን አለው። ቅርንጫፍ ላይ ተቀማጭ የሚያሰባስበው ሠራተኛ ባይኖር ዲለሩ የሚገበያይበት ገንዘብ አይኖርም። ትልቅ ቦነስ ለማግኘት ሲል የባንኩን ገንዘብ ለአደጋ የሚያጋልጥም አይኖርም፤ ሶሲዬቴ ዤኔራል የገጠመው በዚህ በኩል ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። በሌላ በኩል፣ በአንድ ውሳኔ ለባንኩ ሚሊዮኖች ያስገኘ ዲለር ከጎኑ ካለው ባልደረባው ጋር እኩል የሁለት ወር ደመወዝ ሲያገኝ ዓይኑ ውጭ ውጭ ማየቱ አይቀርም። የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። የውጭ ባንክ ሲመጣ መጀመሪያ የሚፈልገው የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሳይሆን የአገሩን የምንዛሪ ገበያ የሚያውቅ ዲለር ነው። የአገር ውስጥ ባንኮች ቦርዶች ለዚህ ክፍል የተለየ፣ ከፊሉ ቆይቶ የሚከፈል የቦነስ ሥርዓት ማበጀት ያለባቸው ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ አይደለም።

ግብሩንም መርሳት አይገባም። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ከ14 ሺህ ብር በላይ ያለው የወር ደመወዝ 35 በመቶ ይቆረጥበታል። ለተቀጣሪ ተገበያይ የሚሰጥ ቦነስም የመቀጠር ገቢ ነው።

ከስልክ ውስጥ የሚቀጥረው “ፕሮፕ ፈርም”

አሁን ደግሞ ወደ ሦስተኛው፣ በእኔ አመለካከት እጅግ አሳሳቢ ወደሆነው። ፕሮፕ ፈርም የሚለው ቃል ዛሬ በአዲስ አበባ ወጣቶች አፍ የገባው በጄን ስትሪት ምክንያት አይደለም። ከለቡ እስከ ጎፋ በየካፌው ላፕቶፕ ከፍተው የወርቅና የዩሮ ዋጋ የሚከታተሉ ልጆች የሚያውቁት ፕሮፕ ፈርም ሌላ ነው። ከመቶ ዶላር ጀምሮ ከፍለህ ትፈተናለህ። በተሰጠህ የሙከራ ሒሳብ 8 ወይም 10 በመቶ ካተረፍክ፣ በቀን ከ5 በመቶ በላይ ካልከሰርክ፣ የመቶ ሺህ ዶላር ሒሳብ እንሰጥሃለን፣ ከትርፉም 80 በመቶው ያንተ ነው ትባላለህ።

ከፍ ብለን ባነሳነው መስፈርት እንመዝነው። ተገበያዩን የሚቀጥር ቤት ለተገበያዩ ይከፍላል። እዚህ ግን ቀድሞ የሚከፍለው ተገበያዩ ነው። በብዙዎቹ ዘንድ “ፈንድ ተደረገ” የሚባለው ሒሳብ ራሱ ወደ እውነተኛው ገበያ የማይወጣ የሙከራ ሒሳብ ነው። ለአሸናፊው የሚከፈለው ገንዘብም በአመዛኙ ከወዳቂዎቹ የመፈተኛ ክፍያ የሚወጣ ይሆናል። በዚህ ስሌት ወጣቱ ተገበያይ አይደለም፤ ደንበኛ ነው።

የአሜሪካ የሸቀጦች የወደፊት ግብይት ተቆጣጣሪ ማይ ፎሬክስ ፈንድስ የተባለውን ድርጅት በነሐሴ 2023 (እ.ኤ.አ.) ሲከስ፣ ከ135 ሺህ ከሚበልጡ ደንበኞች ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ክፍያ መሰብሰቡን በክሱ ገልጾ ነበር። ክሱ በ2025 (እ.ኤ.አ.) በፍርድ ቤት ውድቅ ሆኗል። ምክንያቱ ግን ተቆጣጣሪው ራሱ በሙግቱ ያሳየው ቅን ልቦና የጎደለው አካሄድ እንጂ የንግዱ ዘዴ ተመርምሮ ነጻ መባሉ አይደለም። አሸናፊ የለም ማለት አይደለም፤ እየተከፈላቸው የሚኖሩ አሉ። የኢትዮጵያዊው ተሳታፊ አደጋ ግን ድርብ ነው። የመፈተኛውን ዶላር ብዙ ጊዜ የሚከፍለው በክሪፕቶ ነው፤ ብሔራዊ ባንክ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል። ድርጅቱ አልከፍልም ቢለው አቤት የሚልበት ቦታ የለም። በአዋጅ 1248 መሠረት ፈቃድ የሌለው አካል የካፒታል ገበያ አገልግሎት መስጠት የተከለከለ ቢሆንም፣ ሳይፕረስ ወይም ዱባይ የተመዘገበን ድርጅት ባለሥልጣኑ ከአዲስ አበባ ሆኖ እንዴት ይይዘዋል?

ውሉ ላይ ምን ተጽፏል?

ከእነዚህ ቤቶች ወደ አንዱ የሚገባ ሰው ከደመወዙ ቁጥር በፊት ውሉን ቢያነብ ይበጀዋል። በሠራተኛና አሠሪ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ከደመወዝ ላይ መቁረጥ የሚችለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው፤ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ ከሲሶ ሊበልጥ አይችልም። “በግብይት ለሚደርስ ኪሳራ ተገበያዩ ይጠየቃል” የሚል አንቀጽ ላይ መፈረም ማለት ያንን የጽሑፍ ስምምነት አስቀድሞ መስጠት ሊሆን ይችላል። ከትርፉ ድርሻ ሳይሰጡ ኪሳራውን ማጋራት ደግሞ ከሁለቱም ቤቶች የከፋውን መርጦ ማምጣት ነው። ማዕረግም ዋጋ አለው። ይኸው አዋጅ የሥራ መሪዎችን አይሸፍንም። “የግብይት ክፍል ኃላፊ” ተብሎ የተሾመ የ28 ዓመት ወጣት፣ ሹመቱን ባከበረበት ዕለት የሲሶውን ገደብ ጨምሮ ብዙውን የሠራተኛ ጥበቃ አጥቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚዳኘው በፍትሐ ብሔር ሕጉና ራሱ በፈረመው ውል ነው።